ፀሐይ ስጪው

ጎንደር፣ ቁስቋም
የካቲት 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ አያ ቢያዝን፣

ፈህሚያ ነኝ። የአራዳው ጨርቅ ነጋዴ የአብዱልጀሊል ልጅ። በመለሰ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ስውል "ይቺ ልጅ ዓይኗ እዚያ መስታወት ላይ ተለጥፎ ይቀራል" እያሉ የሚያሾፉብኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል መቼም "ምነው፣ ዛሬ ከየት ተገኘች?" ማለትዎ አይቀርም። ይበሉ፤ ይገባኛል።

መጀመሪያ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጅዎ ናት። "አባባ ስልክ ላይ አይሰማም፤ ዝም ብሎ እሺ እሺ ነው የሚል" አለችኝ። እኔ የምነግርዎ ነገር ደግሞ በእሺ እሺ የሚያልፍ አይደለም። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። መነጽርዎን ያድርጉና ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ ቆመው አይጀምሩት፣ ረጅም ነው።

አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፦ በድዬዎታለሁ። እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም፤ ግን እርስዎ ማወቅዎና እኔ በአፌ መናገሬ አንድ አይደለም። የበደልኩዎ በአንዲት ጣት ነው። ያቺን ጣት ሰባት ዓመት ተሸክሜያት ኖሬ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት መካነ ብርሃን ላይ ወረደችልኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ቀሎኛል። እንዴት እንደቀለለኝ ነው የምጽፍልዎ።

በ1999 መጨረሻ ፎቶ ቤቱ ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሦስት ወር የኮምፒውተር ኮርስ ጨርሻለሁ፤ ምስክር ወረቀቴን አባቴ ከሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ጎንደር ውስጥ ያለ አይመስለኝም። መለሰ ፎቶ ቤቱን ከአባቱ እንደወረሰ ነበር። አዲሱን ካሜራና ኮምፒውተር አስገባና እርስዎ ሃያ ዓመት ፊልም ያጠቡበትን ጨለማ ክፍል የካርቶን መጣያ አደረገው። እርስዎን ደግሞ መቀስ አስጨበጠና የጉርድ ፎቶ ቆራጭ አድርጎ በሩ አጠገብ አስቀመጠ። አንድ ቀን እንኳ ሲያጉረመርሙ አልሰማሁም። ፎቶዎቹን ሲቆርጡ ግን ጠርዛቸውን እንደ ጥፍር ነበር የሚያስተካክሏቸው።

ያኔ ለኔ ፎቶ ማሳመር ማለት ማቅላት ነበር። የማይቀላ ሰው ነበር እንዴ? ሙሽራው ይቀላል፣ ሚዜው ይቀላል፣ የመታወቂያ የሚነሳው ሚሊሻ ሳይቀር ይቀላል። "ደንበኛ ራሱን ቀልቶ ካየ ይመለሳል" ይል ነበር መለሰ። ፎቶሾፕ ላይ ለዚህ የምትሆን አንዲት ምልክት አለች፤ ጫፏ ላይ ክብ ነገር ያለባት ዘንግ። የነካችው ቦታ ሁሉ ይፈካል። አጠገቧ ደግሞ ጣቶቿን ጠምዘዝ ያደረገች እጅ አለች፤ እሷ የነካችው ይጠቁራል። ኮርሱ ላይ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ሸምድደናል፤ ለምን ዘንግና እጅ እንደሆኑ ግን አስተማሪያችንም አያውቅ። እኔ ዘንጓን "ጭልፋ" ነበር የምላት።

ያን ቀን ያስታውሱታል? መቀስዎን ይዘው ከኋላዬ ቆመው "ይቺን ደግሞ ማን አስገባት እዚህ?" አሉኝ። ምኗን ስል፣ ጣትዎን ጭልፋዋ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ ጨለማ ክፍሉ ገቡ፤ ካርቶን ሲገለበጥ ይሰማኛል። ሲወጡ በእጅዎ አንዲት የጃንጥላ ሽቦ ይዘዋል፤ ጫፏ ላይ ከሻይ ቅጠል ካርቶን የተቆረጠች ክብ ተለጥፋባታለች። ኮምፒውተሩ አጠገብ አስጠጉና "ጭልፋሽ ይችውልሽ። ሃያ ዓመት የጎንደርን ፊት ያፈካሁባት" አሉኝ። እውነትም ቁርጥ እሷን። እኔ ሳቅሁ፤ እርስዎ ግን ኮስተር ብለው "ጃንጥላም ሳለች ጥላ ነበር ሥራዋ፤ አሁንም ጥላ ነው" አሉ።

ከዚያ ወደ ጨለማ ክፍሉ ወስደው አሳዩኝ። በሩን ገርበብ አድርገው፣ ካርቶኖቹን በእግርዎ ገፋ ገፋ አድርገው። ፊልሙ ከላይ፣ ወረቀቱ ከታች፣ መሀል ላይ መብራቱ። ወረቀቱን ብርሃን በመታው ቁጥር ይጠቁራል፤ ሽቦዋን ጣልቃ አስገብተው ጥላ የጣሉበት ቦታ ነጣ ብሎ ይወጣል። ማጥቆር ሲፈልጉ ደግሞ ሁለት እጅዎን አጋጥመው፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ትተው፣ ብርሃኑን በቀዳዳዋ ያንጠባጥቡታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው እጅ የማን እጅ እንደሆነች የገባኝ ያኔ ነው። "ጥላ ያገኘ ይቀላል፣ ፀሐይ የመታው ይጠቁራል፤ ወረቀትም እንደ ሰው ነው" አሉኝ። "ቆላ ከርሞ የሚመጣውን ገበሬ አታይም?"

ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቃችን ይታወሰኛል። ከኋላዬ ይቆሙና "ግንባሩን ትንሽ ጥላ ስጪው" ይሉኛል። እኔ እጇን አነሳና አጠቁረዋለሁ።

"ኧረ ገደልሽው! ምነው ልጄ?"

"ጥላ ስጪው አላሉኝም?"

"ጥላ ስጪው ማለት አቅይው ማለት ነዋ!"

"አያ፣ እኛ ጋ ጥላ ማለት ጨለማ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ብርሃን።"

"እናንተ ጋማ ሁሉም ነገር የተገለበጠ ነው" ብለው መቀስዎን ያጮሁብኝ ነበር።

እኔም እልኸኛ ነኝና በአንድ ወር ውስጥ ቋንቋዎን ለመድኩት። ጥላ ሲሉኝ ጭልፋ፣ ፀሐይ ሲሉኝ እጅ። ወላሂ፣ ኮርሱ ያላስተማረኝን ከጀርባዬ ቆመው ነው ያስተማሩኝ፤ የትኛው መስመር መታየት እንዳለበት፣ የትኛው ጥላ መቅረት እንዳለበት። በዚያ ዓመት ረመዳን ሲገባ ደግሞ ቆሎዎን ኪስዎ ውስጥ ደብቀው ወደ ጨለማ ክፍሉ ይገቡ ነበር፤ እኔ ጾመኛዋ እንዳላይ። ሲቆረጥሙ ግን በሩን አልፎ ይሰማ ነበር እኮ፣ አያ። አልነገርኩዎም እንጂ አፌን በሻርፔ ይዤ ነው የምስቀው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ይህን ክፍል ለመጻፍ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

በኅዳር 2000፣ ከቁስቋም በዓል ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ አንዲት ሴት ከመካነ ብርሃን መጣች። እናኑ ትባላለች። ቀይ፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት። በመሀረብ የጠቀለለችውን ፎቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ባሏ ማሩ ሰሊጥ አጨዳ ሳንጃ ወርዶ፣ ከተከመረው ሰሊጥ ፊት ቆሞ የተነሳው ነው። በዚያው ወር ወባ ገደለው። ፎቶውን ጓደኞቹ ከቦርሳው ጋር አመጡላት፤ እሷ የሦስት ወር እርጉዝ ነበረች። ፎቶው በር አጠገብ ተሰቅሎ ፀሐይና ጭስ ሲበላው ኖሮ፣ የማሩ ፊት የተላጠ እንቁላል መስሏል። ሁለት ዓይን፣ አንድ አፍ፣ ሌላ ምንም የለም።

"ለልጄ ነው" አለች። "ሰርካለም ትባላለች፣ አራት ዓመቷ ነው። አባቴን አሳይኝ ብትለኝ ይችን ባሳያት 'ይሄ ማንም አይደለም' አለችኝ። እባካችሁ፣ ሸጋ አድርጋችሁ አውጡልኝ።"

መለሰ ፖስታው ላይ "ሸጋ ይሁን፣ ለቅዳሜ" ብሎ ጻፈና እሷ ስትወጣ ወደኛ ዞረ። "ሸጋ ማለት ቀላ ያለ ማለት ነው፣ ገባችሁ? ጥቁር ሸጋ የሚል ሰው አላየሁም።" እርስዎ ፎቶውን በአጉሊ መነጽር እያዩ ቀሩ።

ዓርብ የቁስቋም ለት ነበር። መለሰም እርስዎም ወደ በዓሉ ሄዳችሁ፤ እኔ ብቻዬን ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ፖስታውን አገኘሁት። ከመለሰ ጽሑፍ ሥር በእርስዎ የተጠነቀቀ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ፈህሚያ፣ ፊቱን ፀሐይ ስጪው። አትሰስቺ።"

ገረመኝ። መለሰ አቅሉት እያለ አያ አጥቁሪው ይላሉ? ግን ቃሉ ፀሐይ ነው፤ በእርስዎ ቋንቋ ፀሐይ ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሞባይል የለዎትም፣ ልደውል አልችልም። ተነስቼ መጥቼ ልጠይቅዎ እችል ነበር፤ ቁስቋም በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። አልመጣሁም። ያን ሁሉ ሕዝብ ሳስበው ሰነፍኩ፣ ደግሞም ቋንቋዎን ያለ አስተርጓሚ ማንበቤ አኩርቶኝ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው።

እጇን አነሳሁና ጀመርኩ። ቀስ እያልኩ፣ እንዳስተማሩኝ፣ ጠብ ጠብ። መጀመሪያ ቅንድቡ መጣ። ከዚያ በሁለቱ ቅንድቦች መሀል የቆመች አንዲት መስመር፤ ሰውየው ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ተቆጥቶ ነው የተነሳው። ከዚያ ግራ ጉንጩ ላይ ትንሽ ጠባሳ። ጠፋ ብለን የነበረው ሁሉ ለካ ወረቀቱ ውስጥ አለ። እየጠቆረ በመጣ ቁጥር እየቀረበኝ መጣ። ስጨርስ ከፊቴ ጥቁር፣ ኮስታራ፣ የሚያምር ገበሬ ቆሟል። አትሰስቺ ስላሉኝ አልሰሰትኩም። አተምኩት፣ ፍሬም አስገባሁት፣ እስኪያዩት ቸኮልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እናኑ ገና በሩ ሲከፈት መጣች። ፍሬሙን ሰጠኋት። አየችው። አፏን በእጇ ያዘች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ፎቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ አንዲት ቃል ሳትናገር ወጣች። መለሰ "እናቴ፣ እንደገና እንሠራዋለን!" እያለ ተከተላት፤ ሳትዞር ራሷን ነቀነቀችና ገበያው ውስጥ ገባች። እርስዎ የዚያን ጊዜ ነበር የደረሱት፤ መለሰ ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶውን ከፍቶ ሲጮህ።

"ይሄ ሰው ነው ከሰል? ማነው እንዲህ ያደረገው?"

ፎቶውን ሲያዩ ደንገጥ አሉ። አይቻለሁ። ለአንድ አፍታ ነው፣ ግን አይቻለሁ። እኔ ፖስታውን አንስቼ ለመለሰ ሰጠሁት። አነበበውና ባሰበት። "ፀሐይ ስጪው ነው እኮ የሚለው! አብሪው ነው እኮ የሚለው!"

እዚህ ላይ ነው ጣቴ የመጣችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ መባረር ፈራሁ፣ አባቴ የሰቀለው ወረቀት ታየኝ። ጣቴን እርስዎ ላይ ቀሰርኩ። "በአያ ቋንቋ ፀሐይ ማለት አጥቁሪው ማለት ነው! እሳቸው ናቸው! ጠይቃቸው!"

መለሰ ዞረ። "እውነቷን ነው?"

እርስዎ እኔን አዩኝ፣ ጣቴን አዩ፣ ከዚያ መለሰን። "እውነቷን ነው" አሉት። "በኔ ቋንቋ አጥቁሪው ማለት ነው።"

"እንግዲያው አያ፣ አንቱ ዘመንዎ አልፏል" አለዎ። ሌላም ብዙ አለ፤ አልደግመውም። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጨለማ ክፍሉ ገብተው ሽቦዋን ይዘው ወጡና የኔ ኮምፒውተር ፊደሎች ላይ አጋደሟት። "ይች ላንቺ ትቅር" አሉኝና ሄዱ።

ያቺ ቃል እንዴት እንዳሰቃየችኝ ልንገርዎ? ስድብ ናት? ስጦታ ናት? "ያሳጣሽኝን አስታውሺበት" ማለትዎ ነው? ባየኋት ቁጥር ትርጉሟ ይለዋወጣል። ለአባቴ "ጡረታ ወጡ" ብዬ ዋሸሁት፤ "ሳይሰናበቱኝ?" ብሎ አዘነብዎ። መለሰም በሁለት ዓመቱ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ለሞባይል ነጋዴ ለቀቀው። እኔ ሠርግ ለሠርግ ስዞር ቆይቼ፣ ካቻምና እዚሁ ቁስቋም አንዲት ጠባብ ክፍል ከፈትኩ። ሽቦዋን ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ። ደንበኛ "ምንድን ናት?" ሲለኝ "ጭልፋ ናት" እላለሁ። የእናኑ እንባ ግን ሰው ፎቶ ሊወስድ በመጣ ቁጥር ፊቴ ይደቀን ነበር። አንዲት ሴት ባሏን ልትፈልግ መጥታ ከሰል ይዛ ሄደች፣ አንድ ሽማግሌ በኔ ጣት እንጀራው ተዘጋ፤ ሰባት ዓመት እንዲህ ነበር የማስበው።

በጥር መጨረሻ መካነ ብርሃን ሠርግ ተጠራሁ። ስሟን ስሰማ ልቀር ፈልጌ ነበር፤ ሙሽራዋ ሴት ፎቶ አንሺ ካልመጣች ብላ አስቸገረችና ሄድኩ። ለኔ ብለው ለብቻ ሽሮ ሠርተው፣ ማደሪያም "ንጹሕ ቤት" ብለው ጎረቤት ሰጡኝ። ባትሪዬን የት ልሰካ ብዬ ዞር ስል፣ አያ፣ ማሩ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ያው ጥቁሩ፣ ያው ኮስታራው። በዙሪያው የፕላስቲክ አበባ።

"ምነው ቆምሽ?" አለችኝ እናኑ። አላወቀችኝም፤ ወፍሬያለሁ መሰለኝ። "የባሌ ስዕል ነው። ጎንደር ነው የተሠራ።"

"እኔ ነኝ የሠራሁት" አልኩ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እንደዚያ ማጥቆር አልነበረብኝም፣ እያለቀስሽ ስትሄጂ አይቻለሁ፣ አዲስ እሠራልሻለሁ፣ ኮምፒውተሬ እዚሁ ነው..."

ከዚያ ሁለት እጄን ያዘች። "ኧረ አንቺ ልጅ! ምኑን ነው ይቅርታ የምልሽ? እሱ ነው እኮ! ማሩ ጥቁር ነበር፣ ጥቁር ሸጋ! አምስት ዓመት ያንን ነጭ ነገር ሳይ ኖሬ መልኩ ከልቤ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ሰጠሽኝ፣ አየሁት፣ አፌን ብከፍት እሪ ልል ነው። በሰው ቤት፣ በገበያ መሀል እሪ ልበል? አፌን ይዤ ወጣሁ። ያን ቀን የመረቅሁሽን ምርቃት ብትሰሚው!"

አልቀረም፣ አለቀስኩ። የሳቅ ይሁን የልቅሶ እንጃ። ያን ጊዜ ልጅቱ ገባች፤ ሰርካለም፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ እናቷ ቀይ፣ እሷ ጥቁር። ማን እንደሆንኩ ሲነገራት ፎቶው ሥር ሄዳ ቆመችና ቅንድቧን ኮስተር አደረገችልኝ። መሀሉ ላይ ያቺ መስመር አለች። ያቺው፣ በእጄ ጠብ ጠብ ያደረግኋት።

"ልጆቹ ጥቁሪት ሲሉኝ እዚህ አምጥቼ አባቴን አሳያቸዋለሁ" አለችኝ።

"ቀላ ብሎ ቢወጣልሽ ኖሮስ?" አልኳት።

"ያኔማ ማንም አይደለም" አለች።

አያ፣ እኔ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እናኑ ግን "ሽማግሌውስ ደኅና ናቸው?" ስትለኝ ደነገጥኩ። የትኛው ሽማግሌ? ለካ እርስዎ ከዚያ በዓመቱ፣ በፋሲካ፣ መካነ ብርሃን ድረስ ሄደው "የማሩ ሚስት ቤት የት ነው?" እያሉ ጠይቀዋል። ፎቶውን ወስደው ሊያሠሩላት። የነገሯትን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ በእርስዎ ድምፅ ሳይቀር፦

"ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቱ ዕድሜ ልኳን በኔ አፍ ስታነብ ልትኖር ነው ወይ? አንድ ቀን እንኳ በሷ አፍ ልጻፍላት አልሁ። ፀሐይ ስጪው አልኋት፣ አብሪው ለማለት። እሷ ደግሞ እኔን አክብራ በኔ አፍ አነበበችው። ሁለታችን ተከባብረን ሰውየውን አጠቆርነው።"

እናኑ ፎቶውን ከግድግዳው ሳታወርድ "አትንኩብኝ" ስትልዎ ቁጭ ብለው እስኪያስልዎ ሳቁ አሉ። "ለካስ ባትሳሳት ኖሮ እኔ ነበርሁ ሰውየውን የማጠፋው" ብለው። ከዚያ "ጎንደር ስትወርጂ ንገሪያት" አሏት። እሷም ወርዳ ነበር፤ ፎቶ ቤቱ የሞባይል ሱቅ ሆኖ ጠበቃት። "ያቺ እስላሟ ልጅ የት ሄደች?" ብላ ብትጠይቅ የሚያውቅ የለም። ያኔ የተዉላትን የልጅዎን ስልክ የሰጠችኝም እሷ ናት።

እንግዲህ ይኸው። በማግስቱ ሠርጉ ላይ እንደኔ የሳቀ ሚዜ አልነበረም። ሙሽራዋ "ይቺ ሴትዮ ምን ሆነች?" ሳትል አልቀረችም።

ሳቁ ሲወጣልኝ ግን ተናደድኩብዎ፤ ልደብቅዎ አልችልም። "በኔ ቋንቋ አጥቁሪው ማለት ነው" ብለው ለመለሰ እውነቱን ነገሩት፤ በኔ ቋንቋ እንደጻፉት ግን አልነገሩትም። አንዲት ቃል ቢጨምሩ ስህተቱ የኔ ይሆን ነበር። አልጨመሩም። ጣቴን ቀስሬብዎ እያለ፣ ያቺኑ ቃል ይዘው ሄዱልኝ። ማን ጠየቀዎ? እሺ፣ እኔ ነኝ በጣቴ የጠየቅሁዎ። ይቅር ይበሉኝ፣ አያ። ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ወረቀት። ስለ ፎቶው አይደለም፤ ፎቶው ሸጋ ነው። ስለ ጣቴ ነው። ሽቦዋን ሲያጋድሙልኝም ስጦታ እንደነበረች አሁን አውቄያለሁ፤ ለማንም የማይሰጧትን ሥራዎን ነው የሰጡኝ። ሰባት ዓመት ስድብ አድርጌ ስላነበብኳትም ይቅር ይበሉኝ። እኔ መቼም እርስዎን ማንበብ ላይ ዕድል የለኝም።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶ አለ። የእርስዎ ነው። የጎንደርን ሰው ሁሉ ሲያወጡ ኖረው የራስዎ አንድ ጉርድ እንኳ እንደሌለዎ አስቤ አላውቅም ነበር። በ1999 አዲሱን ካሜራ ስሞክር ሳያዩኝ ያነሳሁዎ ነው፤ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሲቆርጡ። ግማሽ ፊትዎን ብርሃን በልቶታል፣ ግማሹን ጥላ ወስዶታል፤ የሚሠራበት ነገር ሞልቶታል። አልነካሁትም። አንዲት ነጥብ አልነካሁም። አይተው ከጀርባው ላይ ይጻፉልኝ፦ የቱ ጋ ፀሐይ፣ የቱ ጋ ጥላ። የማን ቋንቋ እንደሆነም ከሥሩ ይጻፉ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ወደ እናንተ የሚመላለሰው የሳንጃው ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ በሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ እኔው ራሴ በዚያው መኪና እመጣለሁ። ላፕቶፔን እይዛለሁ። ጾም ላይ ስለሆኑ አባቴ ተምር ይልክልዎታል፤ ጡረታ እንዳልወጡም ነግሬዋለሁ፣ ተቆጥቶ ታርቆኛል። የወተት ሻዬንም ከእርስዎ ፊት አልጠጣም፤ ጓዳ ገብቼ፣ እንደ ቆሎዎ።

እርስዎ ከጀርባዬ ይቆማሉ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እቀመጣለሁ። እጇንም ጭልፋዋንም ከማንሳቴ በፊት ዞሬ "አያ፣ ምን ማለትዎ ነው?" እልዎታለሁ። ያን ዓርብ ቁስቋም ድረስ መጥቼ ልልዎ የሚገባኝን።

ጣቷን የሰበሰበች ልጅዎ፣
ፈህሚያ አብዱልጀሊል